በሩ ለማን ተከፈተ?



ዛሬ ስለ እኩልነት ጥቂት ቃል ለመናገር ስነሣ ነገሬን የምጀምረው ከወሎ ሰፈር ነው። ብዙዎቻችሁ ወደ ቦሌ ስትሄዱ ወይም በኢትዮ ቻይና መንገድ ወደ ጎተራ ስትታጠፉ የምታልፉበት ስፍራ ነው። በግራና በቀኝ የቆሙትን ፎቆች አይቶ የማይደሰት የለም። ሆኖም በዚህ ሳምንት ስታልፉ የሕንፃውን ቁመት ትታችሁ የመግቢያውን ደረጃ እንድትቈጥሩ፥ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰውም በየት በኩል እንደሚገባ እንድትመለከቱ እለምናችኋለሁ።

በዚህ ረገድ አገራችን የሄደችበት መንገድ የሚያስደስት ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 568 ለሥራው ብቁ የሆነ አካል ጉዳተኛ በጉዳቱ ምክንያት ከቅጥርና ከዕድገት እንዳይገለል ከልክሏል፤ ክርክር ቢነሣም የማስረዳቱን ሸክም በአሠሪው ላይ ጥሏል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቍጥር 624 ደግሞ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ሁሉ ደረጃ መውጣት ለማይችሉ የሚያመች መግቢያ እንዲኖረው አዟል። በ2002 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት ጸደቀ።

ሕጉ ለማን እንደሚጠቅም ለማወቅ ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤን ማሰብ ይበቃል። የተወለዱት በወሎ፥ በአማራ ሳይንት ነው። ገና በ5 ዓመታቸው የዓይናቸውን ብርሃን አጡ። በዚያ አገር ልጃገረድን በሕፃንነቷ መዳር የተለመደ ነበርና፥ ዓይነ ስውርነታቸው ከዚያ ጋብቻ እንዳዳናቸው ራሳቸው ተናግረዋል። አንዲት ልጅ ለትምህርት የበቃችው ለትዳር አትሆንም ስለ ተባለች መሆኑ፥ እኔን እንደ ሆነ ደስታዬን ከኀዘን ጋር ይቀላቅልብኛል። በሻሸመኔ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት፥ በኋላም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምረው፥ በ2010 ዓ.ም. ብዙዎች አማራጭ ኖቤል የሚሉትን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ።

የሴቶችም ነገር እንዲሁ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስትን እኩል አደረገ፥ የልጃገረዲቱንም የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ዓመት ከፍ አደረገ። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ከ20 ሚኒስትሮች 10ሩ ሴቶች ሆነው ሲሾሙ፥ ወይዘሮ ሳህለወርቅ ዘውዴም በዚያው ወር ርእሰ ብሔር ሲሆኑ ሁላችንም አይተናል። ለእናንተ ለመንግሥት ሠራተኞች ግን ከሹመቱ ይልቅ የሚቀርባችሁ በ2010 ዓ.ም. የወጣው የሠራተኞች አዋጅ ሳይሆን አይቀርም፤ የድኅረ ወሊዱን ፈቃድ ከ60 ወደ 90 ቀን ያሳደገ፥ መሥሪያ ቤቶችም የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ ያዘዘ እርሱ ነውና።

አሁን ወደ ደረጃው ልመለስ። በአንድ መሥሪያ ቤት ደጃፍ ሁለት ዘበኞች አንድ ባለጉዳይ ከነወንበሩ ተሸክመው ሲያስገቡ አየሁ። የቆምነው ሁሉ ዘበኞቹን መረቅናቸው። ሰውዬው ግን አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ ለዚያች አንዲት ፊርማ ሲመላለስ ሦስተኛ ቀኑ እንደ ነበረ በኋላ ነገረኝ። ጉዳዩ ይታይ የነበረው በሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው።

መወጣጫ ማሠራት በጀት ይጠይቃል፤ አውቃለሁ። መዝገቡን ይዞ ወደ ምድር ቤት ለመውረድ ግን የአለቃ ፈቃድ እንኳ አያሻም። ነገ ጠዋት ቢሮ ስትገቡ እንዲህ ያለ ባለጉዳይ ከታች የሚጠብቃችሁ እንደ ሆነ ዘበኛውን ጠይቁልኝ።