መጀመሪያ ኮርቻው



ተመራቂዎች፣ የመጣሁት ስለ አውሮፕላን ላወራችሁ ነው፤ እዚህ እንጅባራ ላይ ግን ወሬ ከፈረስ ቢጀምር ይሻላል። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች ሲጋልቡ የሁላችንም ዓይን ጋላቢው ላይ ነው። ፈረስ አዋቂ ግን አስቀድሞ ኮርቻውን ያያል። ጀርባ ላይ ያልገጠመ ኮርቻ ደህናውን ፈረስ ያቆስላል፤ እርካቡ ያልተመጠነለት ጋላቢም ጎበዝ ሆኖ ሳለ ይወድቃል። ኤርጎኖሚክስ የሚባለው ሙያ ይኸው ነው፤ ዕቃውን በሰው ልክ መሥራት።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቢ-17 የተባለውን ቦምብ ጣይ የሚያበሩ አሜሪካውያን፣ በደህና ካረፉ በኋላ የክንፉን ተቀጥላ እናጥፋ ሲሉ ጎማውን ያጥፉት ነበር። የሁለቱ ማንሻዎች እጀታ ተመሳሳይ፣ ቦታቸውም ጎን ለጎን ነበር። አልፎንስ ቻፓኒስ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ አንዱን እጀታ በጎማ፣ ሌላውን በክንፍ ቅርጽ አሠራው። እጅ በጨለማም ዳብሶ ለየው። ዛሬም የመንገደኛ አውሮፕላን እጀታዎች እንደዚያው ናቸው።

አሁን ወደ ቤታችን ሐዘን ልመለስ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሳው በረራ ቁጥር 302፣ በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። 157 ሰው አጣን። ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው የ29 ዓመት፣ ረዳት አብራሪው አህመድኑር መሐመድ የ25 ዓመት ወጣቶች ነበሩ፤ የእናንተ ታላላቆች ማለት ናቸው።

ያቺን ጠባብ የአብራሪዎች ክፍል አስቧት። የአውሮፕላኑ አፍንጫ ከነፋሱ አንጻር ምን ያህል እንደቀና የሚለካው የግራ መሣሪያ 74.5 ዲግሪ የሚል የማይሆን ቁጥር ይሰጣል። የካፒቴኑ መሪ እጁ ላይ ይንቀጠቀጣል። የግራና የቀኝ የፍጥነት ማሳያዎች አይስማሙም። ማስጠንቀቂያ በማስጠንቀቂያ ላይ ይደራረባል። በዚህ መሐል ኤምካስ የተባለው ሥርዓት አፍንጫውን ወደ ታች ይደፍቃል፤ ያነሱታል፤ ደግሞ ይደፍቃል። ሥርዓቱ የሚሠራበትን ኤሌክትሪክ አቋረጡ። አፍንጫውን ለማንሳት በእጅ የሚዞረው መዘውር ግን ከፍጥነቱ ጫና የተነሳ አልዞር አለ። አውሮፕላኑ አፍንጫው ምን ያህል እንደቀና የሚለካ ሁለት መሣሪያ ነበረው፤ ኤምካስ ያመነው አንዱን ብቻ ነው። ሲነደፍ ደግሞ አብራሪ በ4 ሰከንድ ውስጥ ነገሩን ለይቶ እርምጃ ይወስዳል ተብሎ ነበር። 5 ወር ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ይኸው ሥርዓት ያለው ሌላ አውሮፕላን ወድቆ 189 ሰው አልቆ ነበር።

የአገራችን መርማሪዎች በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. መንስኤው ኤምካስ መሆኑን በመጨረሻ ሪፖርታቸው አስታወቁ። አሜሪካውያን መርማሪዎችም በዚህ ተስማምተው፣ የአብራሪዎቹ ድርሻ በቂ ምርመራ አላገኘም አሉ፤ የሞተሩ ኃይል አለመቀነሱን አነሱ። እውነት ነው፣ አልተቀነሰም። እኔ ግን «ለምን?» እላለሁ። ያ ሁሉ ጩኸት በአንድ ጊዜ ሲወርድበት የሰው አእምሮ ስንቱን ይይዛል? ይህን ሳይመልስ «አብራሪው ተሳሳተ» ብሎ መዝገቡን የሚዘጋ ሰው፣ የሚቀጥለውን አብራሪ እዚያው ወንበር ላይ አስቀምጦት ይሄዳል።

ይህ ለአውሮፕላን ብቻ አይደለም፤ ከእናንተ ጤና ጣቢያ የሚገባ ይኖራል። አንድ ሌሊት፣ ተረኛዋ ነርስ ደክሟት የተሳሳተ መድኃኒት ታነሳለች። ጠዋት ሁሉም እሷን ከቦ ሲጮህ፣ እባካችሁ እናንተ መደርደሪያው ዘንድ ሂዱ። ሁለቱ ብልቃጦች መልካቸው አንድ ከሆነ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ አራርቋቸው።