ቁናው ሲሞላ ማን ያያል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



 ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ ስለ አገር ፍቅርና ስለ ትምህርት ጥቅም አስረድተዋል። እኔ የመረጥሁት ርእስ ግን በየቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሳለ ማንም ቀና ብሎ የማያየው ነገር ነው፤ ይኸውም የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ነው። በተለይም ከመንገድ ላይ ቆሞ፥ ወደ ግቢ ሳይገባ ቆጣሪውን ስለሚያነብ የእጅ ራዲዮ ጥቂት ማስረዳት እወዳለሁ።

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ይላሉና ከሥሩ ልጀምር። በቡሬ ወይም በፍኖተ ሰላም ገበያ ጤፍ የሚሸምት ሰው ቁናው ሲሞላ በዓይኑ ያያል። ጐደለ ብሎ ቢጠራጠር ወዲያው ይከራከራል። በርበሬውን የሚሸጥ ገበሬም ዓይኑን ከሚዛኑ ላይ አያነሣም። ኤሌክትሪክ ግን አይታይም፥ አይጨበጥም፥ በቁና አይሰፈርም። ስለዚህ ሰፋሪው ቆጣሪ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1889 ኦቶ ብላቲ የተባለ የሃንጋሪ መሐንዲስ የሠራው ቆጣሪ ለብዙ ዘመን በዓለም ሁሉ ላገለገለው ዓይነት መሠረት ሆነ። በውስጡ አንዲት ክብ የብረት ገበታ ትዞራለች፤ ብዙ ኃይል ሲያልፍ ትፈጥናለች፥ ጥቂት ሲያልፍ ታዘግማለች፤ ዙሯም ወደ ቁጥር ይለወጣል። ዛሬ በብዙ ቤቶች ገበታዋ ቀርታ በኤሌክትሮኒክስ ተተክታለች፤ የሚቈጠረው ግን ያው ኪሎዋት ሰዓት ነው።

ኪሎዋት ሰዓት ምን ያህል እንደ ሆነ በምሳሌ ላሳያችሁ። 10 ዋት የሆነች አምፖል 100 ሰዓት ብትበራ የምትወስደው 1 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የእንጀራ ምጣድ ግን እስከ 3.5 ኪሎዋት ስለሚስብ፥ በአንድ ሰዓት የሚበላው ያችን አምፖል 350 ሰዓት ያበራል። በየሌሊቱ አራት ሰዓት ለሚያጠና ተማሪ ይህ ከ80 ሌሊት በላይ ይበቃዋል። ይህን ሒሳብ የተማርሁት ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ በራሴ ላይ ከደረሰው ነገር ጭምር ነው።

የተወለድሁት ከፍኖተ ሰላም በእግር የአራት ሰዓት መንገድ በሚያስኬድ የገጠር ቀበሌ ነው። የመብራት መስመር ስላልደረሰልን ቤታችን የሚበራው በፀሐይ በሚሞላ ፋኖስ ነው። እንደ ብዙዎቻችሁ እኔም ስንቄን ከቤት እያመጣሁ፥ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በከተማ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እማራለሁ። ግቢው በሙሉ የሚጠቀመው በአንድ ቆጣሪ ነው። በኅዳር ወር ቆጣሪ አንባቢው ሲመጣ እኛ ትምህርት ቤት፥ የቤቱ ባለቤት እትዬም ገበያ ስለ ነበሩ በሩ ተዘግቶ አገኘው። ስለዚህ ሒሳቡ በግምት ተሠርቶ 40 ኪሎዋት ሰዓት ተባለ። በታኅሣሥ መጨረሻ ግን በሩ ክፍት ስለ ነበር ቆጣሪው በትክክል ተነበበ፤ ሒሳቡም 150 ሆኖ መጣ።

እትዬ ወረቀቱን ይዘው ወደ ክፍላችን መጡ። «እናንተ ልጆች በሌሊት በኤሌክትሪክ ምድጃ ትቀቅላላችሁ፤ ጨርሳችሁኛል። ወሩ ሲያልቅ ክፍሌን ልቀቁልኝ!» አሉን። ምድጃ እንደሌለን ብንምልም አላመኑንም። የመልቀቂያ ፈተና እየቀረበ ሳለ ክፍሉን መልቀቅ ለእኛ ማለት ትምህርትን መልቀቅ ነበር።

በልጅነቴ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ቀንና ቁጥር በደብተር መጻፍ ልማድ ሆኖብኝ ስለ ነበር፥ እትዬን አስፈቅጄ ስምንት ምሽት ቆጣሪውን እያነበብሁ ጻፍሁ። በስምንቱ ቀን የተቈጠረው 24 ሆነ፤ ይህም በቀን 3፥ በወር 90 ማለት ነው። ከዚህም ውስጥ እንጀራ በተጋገረባቸው ሁለት ቀናት ቆጣሪው በየቀኑ 8 ተራመደ፤ በቀሩት ስድስት ቀናት ግን በድምሩ 8 ብቻ። ቀጥሎም ሁለቱን የሒሳብ ወረቀቶች ጐን ለጐን አስቀመጥሁ። በጥቅምት መጨረሻ ቆጣሪው 6310 ነበር፤ በታኅሣሥ መጨረሻ 6500 ሆነ። ልዩነቱ 190 ስለ ሆነ ለሁለት ቢካፈል በየወሩ 95 ይደርሳል። እንግዲህ ከ90 የተረፈው የገና በዓል ድግስ መሆኑ ነው። ታኅሣሥ ከኅዳር አልበለጠም፤ የኅዳር ዕዳ በታኅሣሥ ጀርባ ላይ ተጭኖ ኖሯል።

እትዬ ደብተሩን አስነበቡኝና ዝም አሉ። ከዚያም «አይ! ለካስ የሚበላኝ ምጣዴ ነው» ብለው ሣቁ፤ እኛም ከክፍላችን ሳንወጣ ቀረን። ነገር ግን አንድ ጉዳት ቀርቷል። በአገራችን ታሪፍ ብዙ የተጠቀመ ሰው ለኪሎዋት ሰዓት ከፍ ያለ ዋጋ ስለሚከፍል፥ 40ና 150 ድምራቸው ከ95ና ከ95 ጋር አንድ ቢሆንም ዋጋቸው አንድ አይደለም። ትርፉ እስከ ዛሬ አልተመለሰልንም።

እንግዲህ ወደ እጅ ራዲዮው ልመለስ። በዚህ አሠራር ቆጣሪው በውስጡ ትንሽ ራዲዮ ይኖረዋል። በየጥቂት ሰከንዱ ወይም ሲጠየቅ አጭር መልእክት ይልካል፤ መልእክቱም የራሱን መለያ ቁጥርና የቆጠረውን ልክ፥ ክዳኑም ተከፍቶ እንደ ሆነ ማስጠንቀቂያውን ይይዛል። አንባቢው ስልክ የሚያህል መሣሪያ ይዞ በመንገዱ ሲያልፍ መልእክቱ ይገባለታል፤ ያልተነበበው ቆጣሪም በዝርዝሩ ላይ ተለይቶ ይታየዋል። ስለዚህ በር ቢዘጋ፥ ውሻ ቢጮኽ፥ ዝናብ ቢዘንብ ግምት አያስፈልግም። የውሃ ቆጣሪም እንዲሁ ሊሠራ ይችላል፤ የራዲዮው ባትሪ ብዙ ጊዜ እስከ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቈያል። በአገራችንም የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ስማርት ቆጣሪን ብዙ ኃይል ለሚወስዱ ደንበኞች መትከል ጀምሯል፤ በከተሞችም አስቀድሞ ከፍሎ በካርድ የሚሞላው ቆጣሪ ከተለመደ ቈይቷል።

ሆኖም ጥበብ ሁሉ ወሰን አለው። ቆጣሪው በብረት ሣጥን ቢዘጋ ወይም ከወፍራም የድንጋይ ግንብ ኋላ ቢሆን የራዲዮው ድምፅ ይደክማል። ደግሞም መልእክቱን ሌላ ሰው ቢሰማ ቤቱ ሰው ያለበት ወይም ባዶ መሆኑን ሊያውቅ ስለሚችል በምስጢር ቁልፍ መዘጋት አለበት። «የቆጣሪ አንባቢው እንጀራስ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እርሱ ግን ከበር ወደ በር መለመኑን ትቶ የተበላሸ ቆጣሪ ቢጠግን፥ የላላ ሽቦ ቢያይ፥ ለሕዝቡም ሒሳቡን ቢያስረዳ ሥራው ይከብራል እንጂ አይቀርም ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ግን ይህ ነው። መሣሪያው ቁጥሩን ከመንገድ ሲያነብ የቤቱ ባለቤት ላያየው ይችላል። ያን ጊዜ ቁናው ሲሞላ ሰፋሪው ብቻ ያያል፥ ሸማቹ አያይም ማለት ነው። እኛን ያዳነን ራዲዮ አልነበረም፤ ቆጣሪውን ማንበብ መቻላችንና አንዲት ደብተር ነበሩ። ስለዚህ አዲሱ መሣሪያ ሲመጣ በደስታ እንቀበለው፤ ነገር ግን የቆጣሪው ፊት ለከፋዩም ክፍት ይሁን፥ ከፋዩም ማንበብ ይወቅ።

የአባይ ግድብ በ2017 ዓ.ም. ጳጕሜን 4 ቀን ተመርቋል፤ ኃይሉም 5150 ሜጋዋት ነው። ለግድቡ እናቶቻችንና አባቶቻችን ከጉሮሯቸው ነጥቀው ቦንድ ገዝተዋል። መስመሩ እስከ እኔ ቀበሌ በሚደርስበት ቀን ከመብራቱ ጋር ቆጣሪም ይመጣል። ያን ጊዜ ቁጥሩን ለእናቱ የሚያነብላት ማን ነው? እዚህ የተቀመጥን ተማሪዎች አይደለንምን?

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ዛሬ ማታ ወደየቤታችሁ ስትመለሱ ቆጣሪውን አንብባችሁ ከነቀኑ ጻፉት፤ በሳምንቱም ደግማችሁ ጻፉ። የምትከራዩም ብትሆኑ፥ የምታከራዩም ብትሆኑ፥ ከመጠራጠራችሁ በፊት ቁጥሩን ጠይቁ። «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ይባላልና፥ በእውነተኛ ቁና የምንሰፍርና የምንሰፈር ሰዎች እንሁን።

አሁን እትዬ ማታ ማታ «ልጄ፥ ዛሬስ ስንት ደረሰ?» ይሉኛል። እኔም እነግራቸዋለሁ።