ከሽምግልናው እስከ ተክሊሉ

ሽማግሌዎች ተልከው፣ የልጅቱ ወላጆች ፈቅደው፣ ቀለበቱም ከታሰረ በኋላ እስከ ሠርጉ ዕለት ያሉትን ወራት አበው እንደ ሥራ ፈት ዘመን አልቆጠሯቸውም፤ ፍትሐ ነገሥቱ ስለ መተጫጨት ሥርዓት ደንግጓል፣ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም እንዲሁ፤ የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ትቶታልና፣ ዛሬ የእጮኝነት ጠባቂዎቹ ቤተ ሰብና ቤተ ክርስቲያን ሆነው ቀርተዋል።

በኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የሠርግ ዝግጅት ጠባይ ልዩ ነው። ቀድሞ በሰፊ ግቢ ይጣል የነበረው ዳስ በሁለት ሕንፃዎች መካከል በተተከለ ድንኳን ተተክቷል፤ ጠላውም በአራተኛ ፎቅ በረንዳ አይጠመቅምና፣ ጌሾው ተወቅጦ፣ ጋኑ በወይራ ታጥኖ የሚጠነሰሰው ምድር ላይ፣ በጎረቤት ፈቃድ ነው፤ ዕድሩም ለድስቱና ለወንበሩ አስቀድሞ ሊጠየቅ ይገባዋል።

የሠርጉን ቀን የሚወስነው ባሕረ ሐሳብ ነው። ተክሊል በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ስለማይፈጸም፣ ብዙዎች ከጥምቀት በኋላ ጾሙ እስኪገባ ባለው ጊዜ ይሽቀዳደማሉ፤ ያ ያልሞላላቸው ትንሣኤን ይጠብቃሉ።

እኔን ከልብ የሚያሳዝነኝ፣ ቤቱን በ20/80 መርሐ ግብር ያገኘ ወጣት የ80 በመቶውን ብድር ወር በወር እየከፈለ፣ ለአንዲት ዕለት ማዕድ ሲል ሌላ ዕዳ በትከሻው ላይ መጫኑ ነው። ስለዚህ እጮኛሞች ሆይ፣ ድግሱን ከማስፋታችሁ በፊት የወር ክፍያችሁን አብራችሁ አስሉ፤ አዳራሽ ከመከራየታችሁም በፊት የንስሐ አባታችሁን አነጋግሩ።