ኮንትራት ስንል

እሷ፦ እዚህ ድሬዳዋ ከከዚራ ወደ መጋላ ለመሄድ ባጃጅ ስታስቆም ሾፌሩ መጀመሪያ ምን ይልሃል?

እሱ፦ «ኮንትራት ነው?» ነዋ!

እሷ፦ በእንግሊዝኛው ኮንትራት ውል ነው፤ ፊርማ ያለበት። እኛ ጋ ግን ሌላ ተሳፋሪ ሳይጫን ብቻህን መሄድ ሆነ።

እሱ፦ ውሉስ መች ጠፋ? ዋጋ ተነጋግረን፣ ተስማምተን አይደል የምንገባው? ደግሞ ድሬን ራሷን የወለዳት ውል ነው እኮ! ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ መዘርጊያ ፈቃድ ባይሰጡ ኖሮ፣ ሐዲዱ በ1895 እዚህ ባልደረሰ።

እሷ፦ እሱስ እውነት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ እንግዳው ነው። ዋጋ ሳይጠይቅ «አዎ፣ ኮንትራት» ብሎ ይገባል፤ ሲወርድ ጭቅጭቅ።

እሱ፦ እንግዲያው ሾፌሮቻችን፣ እባካችሁ፣ ሞተር ሳታስነሱ ቁርጡን ንገሩት።