የማይዝግ ብረት ዕቃችንን በእጃችን ስለ መወልወል
(በማኅበሩ ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ዕቃ ቤታችን ነው። ለለቅሶም ለሠርግም የምናወጣቸው ትሪዎች፣ ድስቶች፣ ጭልፋዎችና ቢላዎች አብዛኞቹ የማይዝግ ብረት ናቸው። በቆጠራው ጊዜ ግን አንዳንዱ ቡናማ ነጠብጣብ ይዞ፣ አንዳንዱም ተፋፍቆ ደብዝዞ ተገኝቷል። «ይጣልና አዲስ ይገዛ» የሚል ሐሳብ ቀርቧል። አዲስ ይገዛ ማለት መዋጮ ይጨመር ማለት ነው። በጡረታ የሚኖሩ አባቶችና ጉልት ነግደው የሚያድሩ እናቶች ላሉበት ማኅበር ይህ ቀላል አይደለም። ደግሞም «ሲወጣ ደኅና ነበር፣ አንተ ጋ ነው የዛገው» እየተባባልን ጎረቤት ከጎረቤት መቀያየም የለብንም። ዕቃው እኮ አልሞተም፤ በእጅ ተወልውሎ ይድናል።

መጀመሪያ ነገሩን እንወቀው። የማይዝግ ብረት ያው ብረት ነው፤ ነገር ግን ከመቶ ቢያንስ 10.5 እጅ ያህል ክሮምየም የሚባል ማዕድን ተቀላቅሎበታል። በ1913 እ.ኤ.አ. ሐሪ ብሪርሊ የተባለ እንግሊዛዊ በሼፊልድ ከተማ እንዲህ ያለ ብረት ሠርቷል፤ ከዚያ ወዲህ በቢላና በማድ ቤት ዕቃ ተስፋፋ። ክሮምየሙ አየር ሲያገኝ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይሠራል። ዝገት የሚከለክለው ይኸው ሽፋን ነው። ሲጫርም ራሱን መልሶ ይጠግናል፤ ቆሻሻ ከተጋገረበት ግን አየር አያገኝምና አይችልም።

ይህን ሽፋን የሚያበላሹት ሦስት ነገሮች ናቸው።

1ኛ/ በረኪና። ዕቃን በበረኪና ዘፍዝፎ ማሳደር ብረቱን በስቶ ጉድጓድ ጉድጓድ ያደርገዋል።

2ኛ/ ጨው። ወጥ የነበረበትን ድስት ሳያጥቡ ማሳደር አይገባም። ጨውም ውኃው ከፈላ በኋላ ይጨመር።

3ኛ/ ተራ የብረት ሽቦ። ሽቦው ብናኙን ይተዋል፤ ብናኙ ይዝግና እኛ ትሪው ዛገ እንላለን።

እንግዲህ አወላወሉ እንዲህ ነው። ዕቃው በሞቀ ውኃና በሳሙና ታጥቦ ይደርቅ። ቡናማው ነጠብጣብ ቤኪንግ ሶዳ በጥቂት ውኃ ተለውሶ በለስላሳ ጨርቅ ቢታሽ ይለቃል። ውኃ የተወው ነጭ እድፍ በሎሚ ወይም በአቼቶ ይለቃል፤ ወዲያው ይታጠብ። አደራ! አቼቶና በረኪና አንድ ላይ እንዳይገናኙ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

ጭረቱ ጥልቅ ከሆነ የብርጭቆ ወረቀት በውኃ እየነከሩ ማሸት ነው። በ400 ቁጥር ተጀምሮ፣ 600፣ 1000፣ ከዚያ 2000 ይሆናል። በአንዱ ቁጥር ወደ ጎን ከታሸ በሚቀጥለው ወደ ላይና ወደ ታች ይታሻል። ያኔ የፊተኛው ጭረት መጥፋቱ ይታያል። ሳይጠፋ ማለፍ ድካም ብቻ ነው። ከፋብሪካው ቀጫጭን መስመር ይዞ የመጣ ትሪ ግን መስመሩን ተከትሎ ብቻ ይታሽ። በመጨረሻ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ባረጀ የጥጥ ካናቴራ ይወልወል።

አንድ አባት «ፈቃድ ያለው ሽጉጤስ በዚሁ ይወለወላል ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል። በአሜሪካ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የሚባለው ፋብሪካ ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከማይዝግ ብረት ሽጉጥ ይሠራል፤ ላዩ በዚሁ ዘዴ ይወለወላል። ነገር ግን አስቀድሞ ጥይቱ በሙሉ ይውጣ፣ ጎጆዎቹ አንድ በአንድ ይታዩ፣ ጥይቱም ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ልጅ ባለበት አይነካ። ቁጥሩ የተጻፈበት ቦታ በወረቀት እንዳይታሽ፤ የውስጥ ዕቃውም ለባለሙያ ይተው። ባዶ ነው በተባለ ሽጉጥ ስንት ሰው አልቋል!

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አዲስ ከመግዛታችን በፊት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተሰብስበን ያለውን እንወልውል። የተዋሰም ሰው አጥቦ፣ አድርቆ ይመልስ፤ ሲወጣም ሲገባም ዕቃው በሁለት ሰው ፊት ታይቶ ይመዝገብ። የማይመለሰውን ዕቃ ያን ጊዜ ለይተን እንጥላለን፤ ስለ መዋጮውም ያን ጊዜ እንነጋገራለን።



የማኅበሩ ጸሐፊ