ከፈረሱላ እስከማይፈታው ቁጥር
(ለተማሪዎች ማኅበር አባላት የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ስለ ትልልቅ ቁጥሮችና ስለ አካፋዮቻቸው ነው። ነገሩን ግን ከቡሬ እጀምራለሁ፤ ከጎጃሙ ቡሬ ሳይሆን ከጎሬ ወደ ጋምቤላ በሚወስደው መንገድ ላይ ከምትገኘው ከኢሉባቦሯ። በዚያ አቅጣጫ የአገሩ ቡና ወደ ጋምቤላ ወርዶ፣ በባሮ ወንዝ በመርከብ ወደ ሱዳን ይሻገር ነበር። የቡና መለኪያችን ፈረሱላ ነው፤ አንዱ ፈረሱላም 17 ኪሎ ነው።

13 ፈረሱላ ስንት ኪሎ ይሆናል? በውጭ አገር አንዳንዶች «የኢትዮጵያ ማባዣ» የሚሉት፣ በሩሲያ ገበሬዎችም ስም የሚጠራ ዘዴ አለ። 13ን በግማሽ እየከፈልን ትርፉን እንጥላለን፤ 13፣ 6፣ 3፣ 1። በአንጻሩ 17ን እጥፍ እናደርጋለን፤ 17፣ 34፣ 68፣ 136። ከጐዶሎዎቹ ከ13፣ ከ3ና ከ1 ትይዩ ያሉትን 17፣ 68ና 136 ስንደምር 221 ይወጣል።

ማባዛት ይህን ያህል ቀላል ነው። ነገር ግን 221ን ብቻ ሰጥተን «ይህ የምን በምን ብዜት ነው?» ብንል፣ ተጠያቂው በ2፣ በ3፣ በ5፣ በ7፣ በ11 እየሞከረ እስከ 13 መድረስ አለበት። ቁጥሩ በረዘመ መጠን ይህ ድካም እጅግ ይበዛል።

17 ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ ስለሌለው ብቸኛ ቁጥር ይባላል። ፈረንሳዊው ፌርማ 3፣ 5፣ 17፣ 257ና 65,537 የተባሉትን ቁጥሮች ተመለከተ። ከእያንዳንዱ 1 ተቀንሶ፣ የቀረው በራሱ ተባዝቶ 1 ሲጨመርበት ተከታዩ ይገኛል። አምስቱም ብቸኛ ናቸው። ስለዚህ በ1640 እ.ኤ.አ. ገደማ የሚከተሉትም ሁሉ እንዲሁ ናቸው ብሎ ገመተ። ስድስተኛው 4,294,967,297 ነው፤ ይኸውም 1ን 32 ጊዜ እጥፍ አድርገን 1 ስንጨምርበት የምናገኘው ነው። በ1732 እ.ኤ.አ. ኦይለር ይህ ቁጥር 641 × 6,700,417 መሆኑን አሳይቶ ግምቱን አፈረሰው።

ይህን በእርሳስ ብቻ ማረጋገጥ ይቻላል። 640 ከ641 በ1 ያንሳል፤ ስለዚህ በ641 ሲካፈል ቀሪው −1 ነው ማለት እንችላለን። አራት 640ዎች እርስ በርስ ቢባዙ ቀሪው 1 ይሆናል። 640 ደግሞ 5 × 128 ስለሆነ፣ ያ ብዜት 625 28 ጊዜ እጥፍ የሆነበት ነው። 625 ከ641 በ16 ስለሚያንስ በ−16 እንተካው፤ 16 ራሱ 1 አራት ጊዜ እጥፍ ሆኖ የተገኘ ነውና፣ እጥፉ በጠቅላላው 32 ጊዜ ይሆናል። እንግዲህ 1 32 ጊዜ እጥፍ ሲሆን ቀሪው −1 ነው፤ 1 ቢጨመርበት ያለ ቀሪ ይካፈላል። ነገሩ አለቀ።

በዚሁ ተርታ 21ኛው ቁጥር 315,653 አሃዞች አሉት። ብቸኛ ቢሆን ኖሮ 3ን ደጋግሞ በማባዛት የታወቀ ቀሪ ሊሰጥ ይገባው ነበር፤ በ1987 እ.ኤ.አ. በኮምፒዩተር ተሰልቶ አልሰጠም። ስለዚህ አካፋይ እንዳለው እናውቃለን፤ ይሁን እንጂ እስካሁን አንዱም አልተገኘም።

ይህ የጨዋታ ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1977 እ.ኤ.አ. ሪቨስት፣ ሻሚርና አድልማን በዚሁ ችግር ላይ የምስጢር ቁልፍ ሠሩ፤ ሁለት ትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮች ተባዝተው ውጤቱ በአደባባይ ይገለጣል፣ አካፋዮቹ ግን ይደበቃሉ። በ2020 እ.ኤ.አ. 250 አሃዝ ያለው እንዲህ ያለ ቁጥር ሲፈታ፣ ሥራው ለአንድ የፕሮሰሰር ኮር ቢሰጥ 2,700 ዓመት ገደማ የሚፈጅ ነበር።

ታዲያ መፍታቱ ሁልጊዜ አስቸጋሪ መሆኑን ማን አረጋገጠ? ማንም! ብዙ ሊቃውንት ሞክረው አልሆነላቸውም፤ እምነታችን የቆመው በዚህ ላይ ነው። ፌርማም አምስት ምሳሌ ነበረው፤ ስድስተኛው ግን ከዳው። እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ገንዘባችንና ደብዳቤያችን በሚጠበቅበት ቁልፍ ላይ ይህ ጥያቄ ገና አልተዘጋም። መልሱን የሚያገኘው ሰው ከየት እንደሚነሣ አይታወቅም፤ የሚነሣው ግን ምሳሌን ከማረጋገጫ የሚለይ ሰው ነው።