ስለ ማኅበራዊ ሥራ መምህርነትና ምርምር

(በሬዲዮ የተነገረ ንግግር)



በየመሥሪያ ቤቱ ዕለት ዕለት ከምንናገራቸው ቃላት አንዱ «ባለጉዳይ» የሚለው ነው። «ባለጉዳይ ውጭ ቆሟል»፥ «ባለጉዳይ ነገ ይምጣ»፥ «ዛሬ ባለጉዳይ በዛ» እንላለን። ቃሉን ከመልመዳችን የተነሣ ትርጕሙን ዘንግተነዋል። ባለቤት ማለት የቤቱ ጌታ፥ ባለርስት ማለት የርስቱ ጌታ እንደ ሆነ ሁሉ፥ ባለጉዳይ ማለትም የጉዳዩ ጌታ ማለት ነው። እኛ ግን ጌትነቱን ለራሳችን ወስደን፥ ለእርሱ መቆምንና መጠበቅን ብቻ የተውንለት ይመስላል።

ዛሬ ልናገርበት ያሰብሁት ሙያ ይህን የተዘነጋ ትርጕም የሚያስተምር ሙያ ነው። ይኸውም በዩኒቨርሲቲ ውስጥ በማኅበራዊ ሥራ፥ በተለምዶ ሶሻል ዎርክ በሚባለው ትምህርት ቤት፥ መምህርና ተመራማሪ መሆን ነው። በዚህ ንግግር የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ብዙ ሰው «ችግረኛን መርዳት ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል? ርኅሩኅ ልብ ይበቃል» ይላል። ርኅራኄ እንደሚያስፈልግ ማንም አይክድም። ነገር ግን ርኅራኄ ብቻውን ዳቦ ይሰጥ እንደ ሆነ እንጂ ዳቦው ለምን እንደ ታጣ አይመረምርም። «ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» ያሉ አባቶቻችን የምርምርን ጠቃሚነት በአጭር ቃል ነግረውናል።

ሙያው ወደ ዩኒቨርሲቲ የገባበትን መንገድ ብንመለከት ነገሩ ይገለጥልናል። በ1889 ዓ.ም. ወይዘሪት ጄን አዳምስና ወይዘሪት ኤለን ጌትስ ስታር በቺካጎ ከተማ፥ ከየአገሩ የፈለሱ ድኾች በሚኖሩበት ሰፈር፥ ሐል ሐውስ የተባለውን ቤት ከፈቱ። በዚያ ቤት የተሰበሰቡት ምሁራን ምጽዋት በመስጠት ብቻ አልተወሰኑም። በሰፈሩ ውስጥ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ፥ ማን ከየት እንደ መጣና በሳምንት ስንት እንደሚያገኝ ጠየቁ፤ ያገኙትንም በካርታ ላይ በቀለም ለይተው በ1895 ዓ.ም. አሳተሙ። ከነዚህ አንዷ ፍሎረንስ ኬሊ አስቀድመው በ1893 ዓ.ም. የኢሊኖይ ክፍለ ግዛት ዋና የፋብሪካ ተቈጣጣሪ ሆነው ተሾመው ነበር።

በዚያው ከተማ የተቋቋመው የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት በ1920 ዓ.ም. የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ክፍል ሆነ። ለዚህ የደከሙት ኢዲት አቦትና ሶፎኒዝባ ብሬከንሪጅ የተባሉ ሁለት ሴቶች ነበሩ። አሳባቸውም እንዲህ የሚል ነበር፤ ሙያው በልምድ ብቻ ከተላለፈ ትናንት የተሳሳተው ነገ ይደገማል፤ በዩኒቨርሲቲ ግን መምህሩ የሚያስተምረውን ራሱ መርምሮ ማረጋገጥ ይገባዋል።

እንዲህ ያለው ምርምር ለመንግሥት ሥራ ምን እንደሚጠቅም አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በ1912 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የሕፃናት ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሲያቋቁም፥ ሹመቱ የሐል ሐውስ ባልደረባ ለነበሩት ለጁሊያ ላትሮፕ ተሰጠ። እርሳቸውም በ1913 ዓ.ም. ጆንስታውን በተባለች የብረት ፋብሪካ ከተማ ሕፃናት ለምን እንደሚሞቱ እንዲጠና አደረጉ። ሴቶች ተመራማሪዎች ወደ እናቶቹ ቤት እየሄዱ ጠየቁ። የሕፃናት ሞት ሲነሣ እናቶችን በስንፍና መውቀስ የተለመደ ነበር። ጥናቱ ግን የአባትየው ደመወዝ ዝቅ እያለ በሄደ መጠን የሕፃናቱ ሞት ከፍ እያለ እንደሚሄድ አሳየ። የነቀፋው ጣት ከእናቲቱ ላይ ተነሥቶ በደመወዙና በሰፈሩ ላይ ዐረፈ። ይህ ሊታወቅ የቻለው ባለጉዳዮቹ ስለ ተጠየቁ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በአዲስ አበባ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት የተቋቋመው በ1959 ዓ.ም. ነው። ከ1974ቱ ለውጥ በኋላ ግን ትምህርት ቤቱ ራሱን ችሎ መቆሙ ቀረና ከሶሲዮሎጂ ትምህርት ጋር ተቀላቀለ። እንደ ገና የተከፈተው በ2004 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በማስተርስ ደረጃ ሲሆን፥ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ የዶክትሬት ትምህርት ተጨመረ። እንደ ገና ሲከፈት ከረዱት አንዱ በቺካጎ የሚገኘው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የማኅበራዊ ሥራ ኮሌጅ ነበር፤ ይህም ኮሌጅ በጄን አዳምስ ስም የተሰየመ ነው።

በመካከሉ ያለፈው ዘመን ሠላሳ ዓመት ያህል ነው። ያ ዘመን ምን ዐይነት ዘመን እንደ ነበረ እናስታውስ። የ1984 ዓ.ም. ረኀብ የደረሰው፥ ሕዝብ ከቀዬው እየተነሣ የሰፈረው፥ በጦርነት ብዙ ቤት የፈረሰው፥ ኋላም የኤች አይ ቪ በሽታ ወላጆችን ወስዶ ሕፃናትን ያለ አሳዳጊ የተወው በዚያው ጊዜ ውስጥ ነው። ሙያው እጅግ በሚያስፈልግበት ጊዜ ሙያውን የሚያስተምር ራሱን የቻለ ቤት አልነበረም። አንድ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚቀረው የተማሪው ምረቃ ብቻ አይደለም፤ መምህሩን የሚተካው መምህርም አብሮ ይቀራል። ስለዚህ በሩ እንደ ገና ሲከፈት ከባሕር ማዶ የሚመጡ መምህራን ማስፈለጋቸው ግድ ሆነ። ሕንፃ በሁለትና በሦስት ዓመት ይሠራል፤ መምህር ግን የሚበቅለው ከመምህር ነው።

እንግዲህ ይህ መምህር ሥራው ምንድር ነው? እንደ ማንኛውም የዩኒቨርሲቲ መምህር ማዕረጉ በደረጃ የሚወጣ ነው። ከረዳት ምሩቅነት ይጀምራል፤ ሌክቸረር፥ ረዳት ፕሮፌሰር፥ ተባባሪ ፕሮፌሰር እያለ እስከ ፕሮፌሰርነት ይደርሳል። ግዴታውም ሦስት ነው፤ ማስተማር፥ መመራመርና ለኅብረተሰቡ ማገልገል። በማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት ግን እነዚህ ሦስቱ እንደ ሦስት ጕልቻ ናቸው፤ አንዱ ከተነሣ ድስቱ ይደፋል። ተማሪው የትምህርቱን ከፊል የሚማረው በሆስፒታል፥ በፍርድ ቤት፥ በማረሚያ ቤት፥ በቀበሌና በሕፃናት ማሳደጊያ በመስክ ልምምድ ነውና፥ መምህሩም ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ብቻ ሊቆም አይችልም።

ለምሳሌ ያህል አንድ ነገር እናስብ። አንዲት ተማሪ ለልምምድ ወደ ጤና ጣቢያ ተልካለች እንበል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ጀምሮ ያቋረጠ ሰው አለ። በመዝገቡ ላይ «እምቢተኛ» ተብሎ ተጽፏል። ተማሪዋም ይህንኑ ቃል ገልብጣ ለመምህርዋ ታቀርባለች። መምህሩ ቃሉን በቀይ ቀለም ይሰርዙና «ሰውየውን ጠይቀሽዋል?» ይሏታል። ተመልሳ ስትጠይቀው የቀን ሠራተኛ ሆኖ ታገኘዋለች። አሠሪዎች ሠራተኛ የሚመርጡት በማለዳ ነው፤ መድኃኒቱ የሚሰጠውም በማለዳ ነው። መድኃኒቱን ሲውጥ የዕለት እንጀራው ያመልጠዋል፤ እንጀራውን ሲከተል መድኃኒቱ ይቀርበታል። ሕክምናው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወር የሚፈጅ ነው። እንግዲህ ይህ ሰው እምቢተኛ ነውን?

የመምህርነቱ ሥራ እዚህ ላይ ተፈጸመ፤ የተመራማሪነቱ ሥራ ግን ገና መጀመሩ ነው። መምህሩ ቀጥሎ የሚጠይቀው «በዚህ ከተማ በዚሁ ምክንያት መድኃኒት ያቋረጡ ስንት ናቸው? ሰዓቱ ቢለወጥ ስንቱ ይመለሳል?» ብሎ ነው። የአንድ ሰው ችግር ሲደመጥ ርዳታ ይሆናል፤ የብዙ ሰው ችግር ተቈጥሮና ተመዝኖ ሲቀርብ ደግሞ የአሠራር ደንብ ያስለውጣል። በ2005 ዓ.ም. የተጀመረውን የምግብ ዋስትና ሴፍቲኔት የመሰለ ሰፊ ሥራም እንዲሁ ነው፤ ማን እንደ ገባበት በመዝገብ ይታያል፥ ሊገባ ሲገባው የቀረው ግን ፈልጎ የሚጠይቀው ከሌለ አይታይም።

ሌላው የመምህሩ ሥራ መጽሐፉን ከአገሩ ጋር ማስታረቅ ነው። ከቺካጎም ሆነ ከለንደን የሚመጣው መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው አንድ ባለሙያና አንድ ባለጉዳይ በአንድ ክፍል ፊት ለፊት ተቀምጠው ነው። በእኛ አገር ግን ባለጉዳዩ ብቻውን አይመጣም፤ ዕድሩ፥ ሽማግሌው፥ የነፍስ አባቱና ጎረቤቱ ከኋላው አሉ። ዕድር ለቀብር ተብሎ የተቋቋመ ሲሆን፥ በኤች አይ ቪ ዘመን በየሰፈሩ ብዙ ዕድሮች ሕመምተኛን እስከ ማስታመምና ወላጅ የሞተባቸውን ልጆች እስከ መርዳት ደርሰዋል። ይህ በየትኛውም የውጭ መጽሐፍ ተዘጋጅቶ የሚገኝ አይደለም። ሆኖም ተመራማሪው ዕድርን አመስግኖ ብቻ አያልፍም፤ የወር መዋጮ መክፈል ያቃተው ከዕድሩ ውጭ የሚቀር መሆኑንም መጠየቅ አለበት።

የቋንቋውም ነገር አለ። ተማሪው የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ወደ አንዲት አሮጊት ቤት ሲገባ ግን በአማርኛ፥ በኦሮምኛ ወይም በሌላ የአገር ቋንቋ መናገር አለበት። በመጽሐፉ ላይ «ክላየንት» የተባለውን እኛ ባለጉዳይ ስንለው፥ ቃላችን ከመጽሐፉ ቃል ይበልጥ ጥልቅ መሆኑን ተማሪው እንዲያስተውል ማድረግ የመምህሩ ተግባር ነው።

ይህ ሙያ ችግር የለበትም አልልም። በዩኒቨርሲቲ የሚከፈለው ደመወዝ የውጭ የርዳታ ድርጅቶች ከሚከፍሉት ያነሰ በመሆኑ ጐበዝ ጐበዙ ይሄዳል። የቀረውም ለድርጅቶች በኮንትራት ጥናት ይሠራል፤ በዚህም ጊዜ ጠያቂው መልሱን አስቀድሞ የወሰነው ጥናት ያጋጥመዋል። ማዕረግ የሚገኘው በታተመ ጽሑፍ ነውና ተመራማሪው በውጭ አገር መጽሔት በእንግሊዝኛ ይጽፋል፤ ምስጢሯን የነገረችው ሴት ግን ጽሑፉን ሳታየው ትኖራለች። ይህ ብድር ነው። ፈቃዷን ሳይጠይቁ አለመጻፍ፥ ስሟን መሰወር፥ ያገኙትንም በሚገባት ቋንቋ ተመልሶ መንገር የተመራማሪ ግዴታ እንጂ ቸርነት አይደለም። ይህን ግዴታ ለመፈጸም ደመወዝ ወደሚበልጥበት ሳይሄዱ የቀሩ መምህራን አሉ፤ ምስጋና ይገባቸዋል።

የተከበራችሁ የመንግሥት ሠራተኞች፤ ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ነገሩ የዩኒቨርሲቲው ብቻ ስላልሆነ ነው። የመስክ ልምምዱ የሚካሄደው በእናንተ መሥሪያ ቤት ነው። የልምምድ ተማሪ ሲመጣ ፋይል የሚያመላልስ ተላላኪ አታድርጉት፤ ባለጉዳይ ሲናገር አጠገባችሁ ተቀምጦ ይስማ። የምትጽፉት መዝገብ ነገ የጥናት ምንጭ ነውና፥ «እምቢተኛ» ብሎ ከመጻፍ በፊት አንዲት ጥያቄ ጨምሩ። ተመራማሪ ሲመጣ ሥራችሁን ሊነቅፍ እንደ መጣ አትቍጠሩት፤ ጥናቱ ሲያልቅ ግን «ውጤቱን አምጣ» ብላችሁ ጠይቁት፥ ካመጣም በመደርደሪያ አታስቀምጡት። ከእናንተም መካከል በማኅበራዊ ጉዳይ፥ በጤናና በፍርድ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ያገለገላችሁ፥ ትምህርታችሁን ቀጥላችሁ ወደ መምህርነቱ ብትገቡ፥ የሕዝቡን ችግር ከመጽሐፍ ሳይሆን ከዐይናችሁ ታስተምራላችሁ። በጎረምሳነቱ ተመርቆ ወዲያው ሌክቸረር የሚሆነው ወጣት ይህ ሀብት የለውም።

«ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም» ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ጮኾ ጮኾ ድምፁ የዘጋበት ባለቤትም አለ። የማኅበራዊ ሥራ መምህር የሚያሠለጥነው እንዲህ ያለውን ሰው ቀርቦ የሚያዳምጥ ጆሮ ነው። አንድ ጊዜ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ዝም ብለን አይተን ሠላሳ ዓመት ከስረንበታል። ዛሬ የተከፈተው በር ተከፍቶ የሚኖረው የሚያስተምርበትና የሚመራመርበት ሰው እስካለ ድረስ ብቻ ነው።

ነገ ጧት በመስኮታችሁ በኩል አንድ ሰው ብቅ ሲል «ባለጉዳይ ነው» ትላላችሁ። እንግዲህ የጉዳዩ ጌታ መጥቷልና ወንበር ስጡት።